ሆድ በተነፋ ቁጥር ዳቦ ይከሰሳል!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሆድ ነው። ሆድ ስላችሁ ታዲያ “ሆድ ይፍጀው” የሚባለውን፣ የፍቅርና የቂም ማስቀመጫውን ማለቴ አይደለም። ወደ እሱ ሌላ ሳምንት እንመለሳለን። የዛሬው በልተን የምንሞላው፣ ሲነፋ ቀበቶ የሚያስፈታን፣ ሲጮህ ሰው ፊት የሚያሳፍረን ሆድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማችን ወጣቶች ዘንድ አንድ አዲስ ጠላት ተገኝቷል። ስሙ ግሉተን ይባላል። ቲክቶክ የከፈተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቆዳሽ ከተበላሸ ግሉተን ነው፤ ከደከመህ ግሉተን ነው፤ ቦርጭ ካወጣህ ግሉተን ነው፤ ሆድሽ ከተነፋማ ምን ጥያቄ አለው! ከሳሹ ብዙ ነው፣ ለዳቦ ጥብቅና የሚቆም ግን አንድም ሰው አላየሁም። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። ቢሆንም ነገሩ ስለከነከነኝ የሚያውቁትን ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር ቲክቶክ ላይ ከሚባለው ጋር ብዙም አይገናኝም።

ርዕሱን እንዳነሳ ያደረገችኝ አንዲት የማውቃት ልጅ ናት። ስሟ ይቅር። ዕድሜዋ 26 ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ናት። ከምሳ በኋላ ሆዷ እየተነፋ ያስቸግራታል። “የሱሪዬ ቁልፍ ጠዋት ይዘጋል፣ ከሰዓት አይዘጋም” ትላለች። አንድ ማታ ስልኳ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ “ግሉተን አንጀታችሁን እንደ ወንፊት ይበሳዋል” ስትል ሰማች። በነጋታው ዳቦ ቆመ። ፓስታ ቆመ። እርጥብ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ጨጨብሳ… ሁሉም ተሰናበቱ። ከዚያ ደሞዟን ከሱፐር ማርኬት “ግሉተን የሌለው” የሚል የተጻፈበት፣ ከውጭ የመጣ ብስኩትና ፓስታ ትገዛበት ጀመር።

እስከዚህ ድረስ የራሷ ጉዳይ ነው እንበል። ጉዱ የፈላው በፋሲካ ዕለት ነው። እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቦኩና ሲጋግሩ ያደሩትን፣ በኮባ የተጠቀለለውን ድፎ ዳቦ አባቷ ባርከው ቆርሰው ሲያድሉ፣ እሷ እጇን ሰበሰበች። “ምነው ልጄ?” ቢሏት “መርዝ ነው” ብላ እርፍ! እኔ እዚያ ቤት ቡና የምጠጣ ሰው ነኝ፤ እናቷን እትዬ ነው የምላቸው። በሳምንቱ ስሄድ እትዬ ገና አልበረደላቸውም። “ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መርዝ ሳበላት ኖሬያለኋ!” አሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አንድ ማዕድ ላይ አይቀመጡም። የሚገርማችሁ ደግሞ፣ ልጅቱ ዳቦ ካቆመች አራት ወር ሞልቷት እንኳ ሆዷ መነፋቱን አልተወም።

እስቲ መጀመሪያ ተከሳሹን እንወቀው። ግሉተን ማለት በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ማየት የምትፈልጉ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሁለት እፍኝ ፉርኖ ዱቄት በትንሽ ውኃ ጠንከር አድርጋችሁ አቡኩትና ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውኃ አድርጋችሁ ሊጡን እያሻችሁ እጠቡት። ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፤ እሱ ስታርች ነው። እየደፋችሁ ውኃ ቀያይሩለት። መጨረሻ ላይ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ግራጫ፣ ስትስቡት የሚለጠጥ፣ ስትለቁት የሚሰበሰብ፣ ማስቲካ የመሰለ ነገር… አዎ፣ እሱ ራሱ ግሉተን ነው። ይህን ሙከራ ቤካሪ የሚባል የቦሎኛ ከተማ ጣሊያናዊ ምሁር ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1745 ታትሞለታል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንዳትደናገሩ።)

ዳቦ ጋጋሪዎች ስሙን ባይጠሩትም ነገርዬውን ከማንም በላይ ያውቁታል። “ይሄ ዱቄት ጉልበት አለው፣ ያኛው የለውም” ሲሉ ስለ ግሉተን እያወሩ ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ነፍሳት ጋዝ ያወጣሉ፤ ግሉተኑ እንደ ፊኛ ተወጥሮ ጋዙን ይይዘዋል፤ ዳቦውም ኩፍ ይላል። ጤፍ ይህ የሚለጠጥ ነገር የለውም። ስለዚህ ከጤፍ ብቻ እንደ ድፎ ያበጠ ዳቦ አይወጣም። እንጀራችን ላይ ያለው ዓይን ጋዙ ወደ ላይ እየፈነዳ ሲያመልጥ የተወው ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ዳቦ በላ እንበል። ምን ይሆናል? ስታርቹ አፍ ውስጥ በምራቅ መፈጨት ይጀምራል። ፕሮቲኑ ጨጓራ ሲደርስ አሲድና ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም ይጠብቁታል። ኢንዛይም ማለት እንደ መቀስ አስቡት፤ ረጅሙን የፕሮቲን ሰንሰለት ይቆራርጠዋል። ቀጥሎ ትንሹ አንጀት ውስጥ ከቆሽት የሚመጡ ሌሎች መቀሶች ይረከቡታል። የሥጋ ወይም የእንቁላል ፕሮቲን ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ደቅቆ አልቆለት ነበር። ግሉተን ግን ግትር ነው። ፕሮሊንና ግሉታሚን የሚባሉ የፕሮቲን ቅንጣቶች ስለበዙበት የእኛ መቀስ አንዳንድ ቦታ ላይ አልቆርጥ ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፣ 33 ቅንጣቶች ያሉት አንድ የግሉተን ቁራጭ ከኢንዛይሞቹ ሁሉ ተርፎ እንደሚቀር አሳይተዋል።

ታዲያ ቲክቶክ ላይ ያሉት ሰዎች የሚይዙት ይቺን ነው። “አያችሁ! የሰው ልጅ ግሉተን መፍጨት አይችልም!” ይላሉ። ግማሽ እውነት! ሙሉ በሙሉ አለመፍጨት እውነት ነው፤ የሁላችንም አንጀት እንዲሁ ነው፣ የታመመውም የጤነኛውም። ግን ስንት ነገር ነው ሳይፈጭ የሚያልፈው! የጎመን አሰር አይፈጭም፤ የቲማቲም ልጣጭ አይፈጭም፤ የበቆሎውንማ ጠዋት ሽንት ቤት ያየ ያውቀዋል። ከግሉተን የተረፈው ቁርጥራጭ ጥቂቱ አንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ይበላል፣ ጥቂቱ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ጤነኛ ሰው ውስጥ የአንጀቱ ግድግዳም፣ የሰውነቱ ዘበኛም ነገሩን እንደ መንገደኛ አይተው ያሳልፉታል።

“አንጀትን እንደ ወንፊት ይበሳል” የሚለው ወሬስ ከየት መጣ? ሥር የሌለው አይደለም። ፋዛኖ የሚባሉ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ዞኑሊን ስለሚባል፣ በአንጀት ሴሎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚያላላ ነገር ጻፉ። ግሉተን ይህን ነገር ሊቀሰቅስ እንደሚችልም ተናገሩ። የጤነኛ ሰው ክፍተት ትንሽ ላላ ብሎ ወዲያው ይመለሳል፤ የታመመው ላይ ነው የሚበረታው። በር ተከፍቶ መዘጋት ሌላ፣ በር መሰበር ሌላ! የአንጀታችን የላይኛው ሽፋን ደግሞ በየሦስት፣ በየአምስት ቀኑ የሚታደስ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ግሉተን እውነተኛ ጠላት የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። በሽታው ሴሊያክ ይባላል። የሰውነት ዘበኛ ያንን መንገደኛ ቁራጭ ሌባ አድርጎ ያየዋል፤ ከዚያም የራሱን ቤት መደብደብ ይጀምራል። ትንሹ አንጀት ውስጥ ምግብ የሚመጥጡ፣ እንደ ጋቢ ጥለት ዘርፈ ብዙ ሆነው የቆሙ ጥቃቅን ጣቶች አሉ። እነሱ እየተላጩ ሜዳ ይሆናሉ። ብረቱ፣ ካልሲየሙ፣ ቅባቱ ሳይመጠጥ ያልፋል። ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ሕፃን ከሆነ አያድግም። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል፤ ብዙዎቹም አያውቁትም። የፈረንጅ በሽታ ብቻ ነው እንዳትሉ፣ በሰሜን አፍሪካ የሰሐራዊ ሕዝብ ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ከመቶው ከ5 በላይ አግኝቷል። ለበሽታው የሚያጋልጠው ዘር ከሦስት ሰው አንዱ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ዘሩ ካላቸው መካከል ግን የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው።

የዚህ በሽታ ምክንያት የታወቀበት ታሪክ የሚያሳዝንም የሚገርምም ነው። ቪለም ዲከ የተባሉ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ስንዴን ይጠረጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ናዚዎች ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ ዘጉ። ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ፤ ከ20 ሺህ የማያንስ ሰውም አለቀ። በዚያ ሁሉ ረሃብ መሐል ግን ለዓመታት በተቅማጥ ሲሰቃዩ የነበሩት የሴሊያክ ሕፃናት ተሻላቸው! ዳቦ ሲመጣ መልሶ አመማቸው። ዲከ ይህን ይዘው ሲያጠኑ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። የዛሬው “ግሉተን የሌለው” የሚለው ማሸጊያ ሥሩ እዚያ ነው፣ እነዚያ ሕፃናት ዘንድ። የልጅቱ ብስኩት ላይ ያለው ጽሑፍ ለሞዴሎች ቁንጅና የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ።

እኔና እናንተስ? ሴሊያክ የሌለብን፣ ጤነኛ ነን የምንለው? እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ወደ 30 የሚጠጉ ጤነኛ ሰዎች ግሉተን ያለበት ምግብ ሁሉ ተከለከሉ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በምግባቸው ላይ የሚነሰንሱት ዱቄት ተሰጣቸው። የገሚሱ ዱቄት ግሉተን አለበት፣ የገሚሱ የለበትም። ሰዎቹም፣ ዱቄቱን የሰጧቸውም ሰዎች የቱ የቱ እንደሆነ አያውቁም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። በሆድ ቁርጠት፣ በቃር፣ በተቅማጥ፣ በድርቀት… በምንም ልዩነት አልተገኘም። እርግጥ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሁለት ሳምንትም ረጅም አይደለም። ቢሆንም “ማንም ሰው ግሉተን ከበላ ሆዱ ይታመማል” ለሚለው ወሬ ይህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የምጠብቀው ጥያቄ አለ። “አንተ ደግሞ! እኔ ዳቦ ስተው ሆዴ ቀለል ይለኛል እኮ!” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ልክ ነሽ እህቴ። አልዋሻችሁም። ዴንማርክ ውስጥ 60 ጤነኛ አዋቂዎች ለስምንት ሳምንት ብዙ ግሉተን፣ ለሌላ ስምንት ሳምንት ደግሞ ጥቂት ግሉተን እንዲበሉ ተደርጎ ነበር፤ በቀን 18 ግራም እና 2 ግራም አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት እንደሚለው፣ ግሉተን ሲቀንሱ የሆዳቸው መነፋት ቀንሷል፤ ከትንፋሻቸው የሚለካው ጋዝም ቀንሷል። ተመራማሪዎቹ ግን ለውጡን ያመጣው የግሉተን መቅረት ሳይሆን የአሰሩ ዓይነት መለወጥ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ። ስንዴ ሲወጣ ከስንዴ ጋር የሚመጣ ሌላ ነገርም አብሮ ይወጣላ! በነገራችን ላይ በዚያው ጥናት ቢፊዶ የሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ቀንሰዋል። ስለዚህ ትርፉ ብቻውን አልመጣም።

ያ “ሌላ ነገር” ማነው? ፍሩክታን ይባላል። ስኳር የስኳር ዘመድ፣ የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው። ማንኛችንም የምንፈጭበት ኢንዛይም የለንም። እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ድግስ ያደርጉበታል፤ ጋዙ የድግሱ ጭስ ነው። ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ “ግሉተን አይስማማኝም” የሚሉ፣ ግን ሴሊያክ የሌለባቸው 59 ሰዎች ተሰብስበው በየተራ ሦስት ዓይነት ጣፋጭ ተሰጣቸው። አንዱ ግሉተን ያለበት፣ አንዱ ፍሩክታን ያለበት፣ አንዱ ምንም የሌለበት። የቱን እንደበሉ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ሆዳቸውን የነፋው ፍሩክታኑ ሆኖ ተገኘ! የግሉተኑ ምንም ከሌለበት ጋር ልዩነት አልነበረውም። አውስትራሊያ ውስጥ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ታሪክ ደግሞ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ራሳቸው “ግሉተን ሴሊያክ የሌለበትንም ሰው ሊያውክ ይችላል” ብለው ጻፉ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። እነሱ ግን አላረፉም፤ ነገሩን አጥብቀው እንደገና ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሩክታንና መሰሎቹ ከምግቡ ከወጡ በኋላ ግሉተን ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ አላገኘንም አሉ። ሁለተኛውን ወሬ ግን ማን ይስማው!

እና አሁን ወደ እኛ ማዕድ እንምጣ። ፍሩክታን ስንዴ ውስጥ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ሽንኩርት ውስጥ ሞልቷል። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ሞልቷል። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት ምን ይሆናል? ሽሮው፣ ምስሩ፣ አተር ክኩ ደግሞ የፍሩክታን የአክስት ልጅ የሆነ ሌላ ስኳር አላቸው፤ እሱም ሳይፈጭ ነው ትልቁ አንጀት የሚደርሰው። ያቺ ገንዘብ ያዥ ወዳጄ ዳቦ ትታ ምሳዋን ምን ስትበላ እንደከረመች ልንገራችሁ? ሽሮ! ዳቦ ካቆመች ወዲህ ሽሮ በእንጀራ በየቀኑ፣ ከላዩ ቃሪያና ጥሬ ሽንኩርት ተከትፎበት። በጾሙ ሰሞን ብሶባት ነበር። “እንግዲያው እንጀራውም ግሉተን አለው ማለት ነው” ብላ እንጀራ ልታቆም ስትል ነው እኔ ጋ የመጣችው። ጉድ ነው እኮ! በዚህ አያያዝ በወሩ መጨረሻ ውኃ ብቻ ሊቀራት ነው።

ሽሮ ተው ማለቴ አይደለም፤ ኧረ ማን ሊሰማኝ! ባቄላና አተር፣ ሽንኩርትም ቢሆን፣ እነዚያን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመግቡ ናቸው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ አየር ቢያስወጣ ያለ ነገር ነው። ከበሉ በኋላ ትንሽ መነፋትም በሽታ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ግን አንጀቱ ቁጡ ነው፤ ለሌላው ምንም ያልሆነ ጋዝ እሱን ያስጨንቀዋል። እንዲህ ያለው ሰው ብዛቱን መቀነስ፣ ሽንኩርቱን ማሳነስ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት በሽሮ አለመጥገብ ይረዳዋል። ዳቦም ቢሆን በእርሾ ረዘም ላለ ሰዓት ሲቦካ ነፍሳቱ ፍሩክታኑን ይበሉለታል። በጥድፊያ ኩፍ ብሎ የሚወጣው የዳቦ ቤት ዳቦ የሚነፋው ሰው የእትዬ ድፎ ላይነፋው የሚችለው ለዚህ ነው።

ሌሎች ተጠርጣሪዎችም አሉ። ማኪያቶ የሚያዘወትር ሰው ወተቱን ይጠርጥር፤ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች አብዛኞቹ የወተትን ስኳር እንደ ልጅነታቸው መፍጨት አይችሉም። ለስላሳ መጠጥ ጋዙን አብሮ ይዞ ይገባል። እየተሯሯጡ ሳያላምጡ መብላት አየር ያስውጣል። ከሁሉም በላይ ግን በእኛ አገር ሆድ ሲነፋ ቀድመው መታየት ያለባቸው ጃርዲያ፣ አሜባና የጨጓራ ባክቴሪያው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ናቸው። ጃርዲያ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ያከሳል፤ እንዲያውም እንደ ሴሊያክ እነዚያን የአንጀት ጣቶች ሊያበላሽ ይችላል። ዳቦ መተው ጃርዲያን አይገድልም።

ፍርሃትም ሆድ ይነፋል። አትሳቁ! “ይሄ ምግብ ያመኛል” ብሎ የበላ ሰው በእውነት ይታመማል። በብዙ ሙከራዎች ላይ ባዶውን ከበሉት ሰዎች የአንዳንዶቹ ሆድ ተነፍቶ ተገኝቷል። ኖቫክ ጆኮቪች የተባለው የቴኒስ ኮከብ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መጽሐፉ ላይ፣ አንድ ሐኪም ቁራሽ ዳቦ ሆዱ ላይ አስደግፎ እጁን ወደ ታች በመጫን ግሉተን እንደማይስማማው እንደመረመረው ጽፏል። ጆኮቪች ትልቅ ስፖርተኛ ነው፤ አክባሪው ነኝ። ዳቦ ሆድ ላይ አስደግፎ መመርመር ግን ከሐኪም የምጠብቀው አይደለም፤ ለዚያ ለዚያማ የሰፈራችን አዋቂ ይበቃናል። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የጤና ባለሙያዎችን ከሃያ ዓመት በላይ የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ብዙ ግሉተን መብላት ለልብ ሕመም እንደማያጋልጥ አሳይቷል። እንዲያውም ሰው ያለ ምክንያት ግሉተን ሲሸሽ ያልተፈተገ እህል እንዳይቀርበት ያስጠነቅቃል። ያ በውድ የሚገዛው ብስኩት ብዙውን ጊዜ ከሩዝ ዱቄትና ከስታርች የተሠራ፣ አሰሩና ፕሮቲኑ ያነሰ ነው። ስኳሩን እዩለት።

እንግዲህ ይህንን አደራ ያዙልኝ። ሴሊያክ ሊኖርብኝ ይችላል ብሎ የሚሰጋ ሰው ከምርመራው በፊት ዳቦ እንዳያቆም! ምርመራው ደም ውስጥ የዘበኛውን ቁጣ ነው የሚፈልገው። ግሉተን ካቆማችሁ ቁጣው ይበርዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል፤ ከዚያ ደም ብትሰጡ በሽታው እያለ “የለም” ሊል ይችላል። ወዳጄን የገጠማት ይኼው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ፊት የቀረበችው ዳቦ ካቆመች አራት ወር አልፎ ነው። ሐኪሙም ለስድስት ሳምንት በየቀኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ግሉተን ያለበት ምግብ እንድትበላ አዘዟት። እስከዚያው ዓይነ ምድሯን አስመረመሯት፤ ጃርዲያ ተገኘባት፣ መድኃኒቱን ጨርሳለች። ይህን ስጽፍ አራተኛ ሳምንቷ ነው። የሱሪው ቁልፍ ከሰዓትም እየተዘጋ መሆኑን ነግራኛለች፤ የደሙ ውጤት ግን ገና ነው፣ እኔም አልገምትም። እትዬ “መድኃኒት ተብሎ ታዘዘላት አሉ የእኔ ዳቦ?” እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰዋል።

ሳትፈልጉ ክብደታችሁ ከቀነሰ፣ ዓይነ ምድራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ተቅማጥ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ፣ የደም ማነሱ በኪኒን አልድን ካለ፣ ወይም ከወንድም ከእህት፣ ከእናት ከአባት ሴሊያክ ያለበት ካለ ወደ ሐኪም ሂዱ። በልጅነት የሚጀምረው ዓይነት ስኳር ወይም የታይሮይድ ሕመም ያለባቸውም ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ቲክቶክ ደም አይመረምርም።

ስለ ጤፍ ሳልነግራችሁ ብቀር ደግሞ እትዬ አይፈቱኝም። የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ጤፍ የሴሊያክ ሕሙማንን ዘበኛ የሚያስቆጣው ነገር እንደሌለው ጻፉ። የፈረንጁ ገበያ ጤፍን ያወቀው እንዲህ ባለው ወሬ ነው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት እስከ መውሰድ ደርሶ ብዙ አነጋገረን፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት አፈረሰበት።

ስዊድን የሚኖር አብሮ አደጌ አለ፤ ልጁ በሦስት ዓመቱ ሴሊያክ ተገኘበት። ስዊድኖች በሽታውን አሳምረው ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1996 ድረስ በሕፃናት ላይ እንደ ወረርሽኝ በዝቶባቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ለልጁ ለብቻው ያበስላል፤ ወተቱ፣ ድንቹ፣ ዓሣው ምንም ችግር የለም። አብሮ አደጌን ያስቸገረው እንጀራው ነው! “የአገራችን ምግብ ነው፣ ግሉተን የለውም” ብለው እየገዙ ሲያበሉት ልጁ አልድን አለ። ለካስ ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይደባለቅበታል። እዚህም ቢሆን ጤፍ ሲወደድ ምን እንደሚቀላቀል እናንተው ታውቁታላችሁ። ሩዝ፣ ማሽላና በቆሎ ቢቀላቀል ለሴሊያክ ሰው አይጎዳውም፤ ፉርኖ ዱቄትና ገብስ ግን ይጎዱታል። ቆሎውና በሶው፣ ጩኮውና የገብስ ገንፎው፣ ብቅል የገባበት ጠላና ቢራም ያው ነው። ለእኔና ለእናንተ ጣዕም እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

አብሮ አደጌ አሁን ጤፉን ራሱ እየገዛ፣ ለብቻው በያዘው ቡሃቃና ምጣድ ሚስቱ ትጋግራለች። ወደዚህ ለእረፍት ሲመጡ ደግሞ እንጀራ ወደሚገዛበት ቤት አብሬው ሄጄ ነበር። “ንጹሕ ጤፍ ነው?” ሲላቸው ሴትዮዋ “አዎን፣ ንጹሕ ነው ልጄ” አሉት። “ስንዴ የለበትም?” አላቸው። “ትንሽ ለማያያዣ ነው እንጂ ምን አላት” አሉ። ስለ ልጁ ሲነግራቸው ደነገጡና፣ በነጋታው ለእሱ ብቻ የሚሆን ሊጥ በአዲስ ዕቃ አቦኩለት።